ጠርቶ ስለሚታይ የጉድጓድ ውኃ

በአማርኛ «ጥሩ» የምንለው ቃል የወጣው «ጠራ» ከሚለው ግስ ነው። ሰማይ ደመናው ሲገለጥ ጠራ ይባላል፤ ጠላ አተላው ሲዘቅጥ ጠራ ይባላል፤ ውኃም ጭቃው ወርዶ የእንስራው ግርጌ ሲታይ ጠራ ይባላል። ስለዚህ አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ባለሥልጣኖች «ጥሩ ውኃ» ባሉ ቍጥር ሳያውቁት ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይናገራሉ፤ አንደኛው ውኃው አለመደፍረሱን፣ ሁለተኛው ለሚጠጣው ሰው መስማማቱን ነው። ከዐለት ሥር ለሚፈልቅ ምንጭ ሁለቱን በአንድ ቃል ማሰር ብዙ አያስነቅፍም ይሆናል። በመሣሪያ ተቆፍሮ ከምድር ሆድ ለሚወጣ ውኃ ግን ቃሉ ያሳስታል፤ በእንደዚህ ያለ ውኃ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ነገር ብዙ ጊዜ መልክም ሽታም ጣዕምም የለውምና ነው።

በዚህ ሳምንት ይህን ጕዳይ ያነሣነው ስለ ሐርጌሳ ከተማ ነው። ወደዚያች ከተማ ለሥራ ሄደው ቤት የሚከራዩ ወገኖቻችን አሉ። የቤቱ ባለቤት በሩን ከፍቶ ክፍሎቹን ካሳየ በኋላ፣ ግቢው የራሱ ጉድጓድ እንዳለው ሲናገር ተከራዩ ደስ ይለዋል፤ ኪራዩም ከፍ ቢል ይቀበላል። ደስታው የሚያስገርም አይደለም። በሐርጌሳ ውኃ እንደ እህል የሚገዛ ነገር ነውና።

ነገሩ እንዲገባን የከተማዪቱን ሁኔታ በአጭሩ እንግለጥ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋማ ቦታ ላይ የተቀመጠች ናት። በመካከልዋ ማሮዲ ጄህ የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ ወንዝ እንበለው እንጂ ዝናም ካልዘነመ በቀር አሸዋ ብቻ ነው። የከተማዪቱ ዋና የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በስተሰሜን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከጌድ ዴብሌ የጉድጓዶች ሜዳ ሲሆን፣ ይህን ሥራ በ1970ዎቹ ዓመታት የሠሩት ቻይናውያን ነበሩ። ጉድጓዶቹ ከከተማዪቱ ዝቅ ብለው ስለሚገኙ ውኃው ሽቅብ በሞተር ኀይል እየተገፋ መውጣት አለበት፤ ይህም ብዙ ነዳጅ ይበላል። በ1988 ከተማዪቱ በዚያድ ባሬ መንግሥት አይሮፕላኖችና መድፎች ተደብድባ ሕዝብዋ ሲሸሽ፣ እጅግ ብዙው ወደ አገራችን ገብቶ በጅጅጋ አቅራቢያ በሐርተሼክና በሌሎችም ሰፈሮች ተጠልሎ ነበር። ከ1991 በኋላ ሕዝቡ ተመለሰ፤ ከገጠርም ሌላ ሕዝብ ተጨመረበት። የቻይናውያኑ ቧንቧ ግን የታሰበው ለትንሽ ከተማ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ቧንቧውን ለማደስና ለማስፋት ብዙ ገንዘብና ድካም አውጥተዋል፤ ሆኖም ከተማዪቱ ከቧንቧው ቀድማ ትሮጣለች።

ስለዚህ ቧንቧ ያልደረሰለት ሰው ከቦቴ መኪና ወይም በአህያ ከሚጐተት በርሜል ይገዛል። በርሜሉን የሚነዳውን ሰው ሶማሌዎች «ቢዮሌ» ይሉታል፤ «ቢዮ» ማለት ውኃ ነው። ዐቅም ያለው ደግሞ በግቢው ወይም በወንዙ ዳር የራሱን ጉድጓድ ያስቈፍርና የተረፈውን ለጐረቤቱና ለቢዮሌው ይሸጣል። እንግዲህ አንድ ጉድጓድ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ በስተጀርባው ስንት ድስት፣ ስንት ጡጦ እንደሚሞላበት ባለቤቱ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ቋንቋ ለሚማሩት አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሶማሌዎች ጉድጓድን «ዔል» ይላሉ፤ ኦሮሞዎች «ኤላ» ይላሉ፤ በትግርኛ «ዒላ» እንላለን። ከበረሃ እስከ ደጋ ሦስት ሕዝብ አንድ ቃል ይዞ ከአንድ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ያህል ነው። በግዕዝ ግን ጉድጓድ «ዐዘቅት» ነበር፤ ሰማርያዊቱ ሴት ከጌታ ጋር የተነጋገረችበት የያዕቆብ ጉድጓድ በግዕዙ ወንጌል በዚህ ቃል ተጠርቷል። በዛሬው አማርኛ ዐዘቅት ማለት ሰው የሚጠፋበት ጥልቅ ገደል ሆኖ ቀርቷል። ቃሉ መልካሙን ትርጕም ትቶ ክፉውን የያዘበትን ምክንያት ሊቃውንት ይንገሩን።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ብዙ ሰው ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ውኃው የተሻለ ይሆናል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከፊሉ እውነት ነው። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡት ጥቃቅን ነፍሳት በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ሲወርዱ ይጣራሉ፤ ስለዚህ በደንብ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ ከኩሬ ይሻላል። በውኃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን ግን በአሸዋ አይጣራም። እንዲያውም ውኃው በዐለት ውስጥ ብዙ ዘመን በቈየ መጠን ከዐለቱ ብዙ ነገር ይቀበላል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ሆላንዳዊው ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በአዋሽ ዳር በወንጂ የስኳር ፋብሪካ አቋቁሞ በ1954 ሥራ ሲጀምር፣ ለሠራተኞቹ መንደሮች የመጠጥ ውኃ የተቀዳው ከጉድጓድ ነበር። ውኃው የጠራ ነበር። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ የሚገኝ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በብዛት ሟሙቶበት ነበር። በመንደሮቹ የተወለዱ ልጆች ጥርስ ቡናማ እየሆነ ወጣ፤ ብዙ ዓመት ከጠጡት ሠራተኞች መካከልም አንገታቸውን ማዞር፣ ወገባቸውን ማጠፍ የተሳናቸው፣ አንዳንዶችም ነርቫቸው በአጥንት ተጨቍኖ እግራቸው የሰነፈ ተገኙ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሐኪሞች ነገሩን መርምረው ጽፈዋል፤ ከእነርሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በዚህ ጥናት የታወቁ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው የፍሎራይድ መጠን በአንድ ሊትር ውኃ 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ጉድጓድ ሞልቷል።

ከዚህ የሚከፋው የቤንጋሎች ታሪክ ነው። በባንግላዴሽ ሕፃናት የኩሬ ውኃ እየጠጡ በኮሌራና በተቅማጥ ስለሚያልቁ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በየመንደሩ የእጅ ፓምፕ ያላቸው ጉድጓዶች እንዲቈፈሩ አደረጉ። ሕዝቡም ጥቅሙን አይቶ በራሱ ገንዘብ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጉድጓዶችን ጨመረ። በ1993 ግን በአንዳንዶቹ ውኃ ውስጥ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ተገኘ፤ እርሱም ከምድሪቱ ደለል የወጣ እንጂ ሰው የጨመረው አልነበረም። በዓመታት ብዛት ቆዳን ያቈስላል፣ ካንሰርም ያመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚፈቅደው መጠን በአንድ ሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ምላስ ሊያውቀው አይችልም። ጉድጓዶቹ ከተመረመሩ በኋላ መርዙ የበዛበት ፓምፕ ቀይ፣ ያልበዛበት አረንጓዴ ቀለም እንዲቀባ ተደረገ። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ከየትኛው እንደምትቀዳ ከሩቅ ታየው ነበር። ለሕዝብ የሚጠቅም ዕውቀት እንደዚህ ሲገለጥ ደስ ይለናል።

እስካሁን የተናገርነው ከዐለት ስለሚመጣው ነው። ሰው ራሱ የሚያመጣው ሌላ ነው።

በሐርጌሳ ከተማ የጋራ የቈሻሻ ውኃ ቧንቧ አልተዘረጋም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን መጸዳጃ ጉድጓድ ይቈፍራል። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚጠጣበት ጉድጓድና መጸዳጃው ጎን ለጎን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም የእርስዎ መጸዳጃ ሩቅ ሆኖ የጐረቤትዎ ከአጥሩ ማዶ በጣም ቅርብ ይሆናል። ከዚያ ወደ መሬት የሚሰርገው ናይትሬት ይባላል። ለአዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ አይሰማውም፤ በጡጦ ለሚያድግ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ብርቱ አደጋ ነው፤ ደሙ አየር መሸከም ስለሚሳነው ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቍራል። ይህን ነገር በ1945 ሐንተር ኮምሊ የሚባል ሐኪም በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ከእርሻ ጉድጓድ በተቀዳ ውኃ ወተት በተበጠበጠላቸው ሕፃናት ላይ አይቶ ጻፈ። የቤት እመቤቶች በተለይ ይህን እንዲያውቁልን እንለምናለን፤ ውኃውን ማፍላት ነፍሳትን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም። ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ ናይትሬቱ በቀረው ውስጥ ይጠነክራል። ለፍሎራይድም ለአርሴኒክም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ልጅዋን የምትወድ እናት ጠንቅቃ ባፈላች መጠን የምትጎዳው ስለሚሆን፣ ይህ ከባድ ነገር ነው።

ሁለተኛው የሰው እጅ ሥራ ነዳጅ ነው። ጋራዥ፣ የቤንዚን ማደያ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ የሚቀመጥበት ቦታ በአቅራቢያ ካለ ሊታሰብበት ይገባል። የነዳጅ ሽታ ቢያንስ ራሱን ይገልጣል፤ ውኃው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ምርመራ ሳይጠበቅ መጠጣቱን ማቆም ነው።

ሦስተኛው ግን ለሐርጌሳ የራስዋ ታሪክ ነው። በ1962 ኢትዮጵያ፣ ሶማልያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንጋኒካና ስለ ጅቡቲ ፈረንሳይ የምሥራቅ አፍሪካን የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አቋቋሙ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያ በአሥመራ ነበረ። በሐርጌሳም ጣቢያና የመድኃኒት መጋዘን ነበረው። የዚያ ዘመን የአንበጣ መድኃኒቶች፣ ዲልድሪንና ቢ ኤች ሲ የሚባሉት፣ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይበሰብሱ የሚቈዩ ናቸው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ መጋዘኑ ተሰብሮ መድኃኒቱ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ከስደት የተመለሱ ድኾችም ባዶ ቦታ አገኘን ብለው በዚያው አካባቢ ሰፈሩ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትም ስለ ሶማልያ ምድር ሁኔታ በ2005 ባወጣው ጽሑፍ የዚህን ቦታ ነገር አንሥቷል። እነዚህ መድኃኒቶች በውኃ ብዙ ስለማይሟሙና ከአፈር ጋር ስለሚጣበቁ፣ በደንብ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ፈጥነው አይደርሱም። ጥልቀት የሌለውና አፉ ያልተከደነ በእጅ የተቈፈረ ጉድጓድ ግን ጎርፍ አፈሩን ሲያመጣበት ይቀበለዋል። በአገራችንም ቢሆን የአሮጌ መድኃኒት ክምችት ነገር ቀላል አልነበረም፤ ከ2000 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት 1500 ቶን ያህል ከየመጋዘኑ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ በመርከብ ተልኳል። ስለዚህ ጣት መቀሰሩ አያምርብንም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ፣ ቤት የሚከራይ ሰው ከአከራዩ የሚጠይቀው ምንድር ነው? ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደ ጠለቀ፤ ብረት ወይም ፕላስቲክ ቱቦ ገብቶለት ከላይ በኩል በሲሚንቶ ታሽጎ እንደ ሆነ፤ መጸዳጃው፣ የጐረቤቱም ጭምር፣ በስንት ርቀት እንዳለ፤ ቦታው ቤት ሳይሠራበት በፊት ምን እንደ ነበረ። የመጨረሻውን ጥያቄ ከአከራዩ ይልቅ ለሰፈሩ ሽማግሌ ማቅረብ ይሻላል፤ ሽማግሌ ቤት አያከራይምና እውነቱን ይናገራል። በአክብሮት አረፍ ብሎ፣ ሻይ ጠጥቶ መጠየቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርመራው ይመጣል። ብዙ ሰው አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄድና «ይህን መርምሩልኝ» ይላል። ይህ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የት እንደሚያም ሳይናገሩ እንደ መቀመጥ ነው። የውኃን ሁሉ ነገር የሚመረምር አንድ መሣሪያ የለም፤ እያንዳንዱ ነገር የራሱ መንገድ፣ የራሱም ዋጋ አለው። ስለዚህ ከርካሹ መጀመር ይገባል። በኪስ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መለኪያ ውኃው ውስጥ ቢነከር፣ ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ መጠን ስንት ጨው እንደ ሟሟበት ያሳያል፤ በሶማሌ ምድር ብዙ ጉድጓድ ጨዋማ ስለ ሆነ ይህ መጀመሪያ መታወቅ አለበት። ቀጥሎ ለማንም የግቢ ጉድጓድ ናይትሬትና ፍሎራይድ፣ ከእነርሱም ጋር አርሴኒክ ይመርመር። አርሴኒክን በቦታው ላይ የሚለይ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ውኃው በጠርሙስ ውስጥ ከዱቄት መድኃኒት ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ በክዳኑ ላይ ያለውን ወረቀት ቢጫ ወይም ቡናማ ያደርገዋል። ጋዙ ራሱ መርዝ ስለ ሆነ በክፍት ቦታ ይሠራ፤ ልጆችም አይቅረቡ። የአንበጣ መድኃኒትንና ነዳጅን ግን በቤት መለየት አይቻልም፤ ብዙ ዋጋ ያለው መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ወጪ የሚያወጣው ምክንያት ያለው ሰው ብቻ ይሁን፤ ይኸውም ቤቱ ከአሮጌ መጋዘን ወይም ከማደያ አጠገብ የሆነ ነው።

ውኃው የሚቀዳበት መንገድ ብዙ ጊዜ ምርመራውን ያበላሻል። በጣሪያ ላይ ካለው በርሜል የተቀዳ ውኃ ስለ በርሜሉ እንጂ ስለ ጉድጓዱ አይናገርም። ፓምፑ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ በቱቦው ውስጥ ያደረው ውኃ ከፈሰሰ በኋላ፣ የኪሱ መለኪያ ቍጥር መለዋወጡን ሲያቆም፣ ከፓምፑ አፍ ላይ መቅዳት ነው። ለፍሎራይድ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለአንበጣ መድኃኒት ደግሞ ጥቍር ብርጭቆ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ከፕላስቲክ ላይ ይጣበቃልና። ለብረታ ብረት ምርመራ ላቦራቶሪው በጥቂት አሲድ የተዘጋጀ ጠርሙስ ይሰጣል፤ ያን ጠርሙስ ለማጠብ ብሎ አሲዱን የሚደፋ ትጉህ ሠራተኛ አይጠፋም። ለናይትሬት የተቀዳው በበረዶ ቀዝቅዞ በማግስቱ መድረስ አለበት። አሮጌ የቧንቧ ዕቃ ባለበት ቤት እርሳስ የሚመረመር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ በቧንቧው ውስጥ ያደረውን፣ በማለዳ ከሁሉ በፊት የሚፈሰውን መያዝ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቍጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። ለናይትሬት የዓለም የጤና ድርጅት የሚፈቅደው በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ ግን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ይቈጥራል፤ በዚያ አቈጣጠር ወሰኑ 11 ያህል ነው። በዚህ በሁለተኛው አቈጣጠር 30 ተጽፎ ያየ ሰው ከ50 በታች ነው ብሎ ቢደሰት፣ ለልጁ ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ የደረሰ ውኃ እየሰጠ ነው። አንድ ጊዜ ተመርምሮ መልካም ሆኖ የተገኘ ጉድጓድም ለዘላለም መልካም ነው ማለት አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ይልቁንም ከዝናሙ በኋላና በበጋው መጨረሻ ናይትሬቱን ማየት ነው። ፍሎራይድ ከዐለት ስለሚመጣ እንደዚህ ቶሎ አይለዋወጥም።

ውኃው መልካም ሆኖ ባይገኝስ? ጉድጓዱን መድፈን ሁልጊዜ አያስፈልግም። ለልብስ፣ ለወለል፣ ለመታጠቢያ ሊያገለግል ይችላል፤ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነው ጥቂት ስለ ሆነ ከታወቀ ቦታ ሊገዛ ይቻላል። ናይትሬቱ ከጎረቤት መጸዳጃ ከሆነ፣ የጉድጓዱን የላይኛውን ክፍል በሲሚንቶ ማሸግ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል። ፍሎራይድን በተቃጠለ የአጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል፤ በስምጥ ሸለቆአችንም ተሞክሯል፤ ከሰሉ በየጊዜው ካልተለወጠ ግን ዋጋ የለውም። በሞተር ግፊት በቀጭን ሽፋን የሚያጣራው መሣሪያ አብዛኛውን ነገር ያስወግዳል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ለማግኘትም ብዙውን ይደፋል፤ ውኃ በሚገዛበት ከተማ ይህ ይቈጫል። ክሎሪን መጨመር ለነፍሳት መልካም ነው፤ ለተናገርናቸው ማዕድኖች ግን ምንም አያደርግም።

አሁን የሚያከራክረውን ነገር እንናገር። ለራሱ ቤት ብቻ የሚቀዳ ሰው ቢመረምር ባይመረምር የራሱ ጕዳይ ነው ሊባል ይቻል ይሆናል፤ ሚስትና ልጆች ስላሉት ይህንም አጥብቀን አንቀበልም። ለቢዮሌው የሚሸጥ ሰው ግን ነጋዴ ነው። ሥጋ የሚሸጥ ሥጋው ተመርምሮ ማኅተም ይመታበታል፤ ውኃ ሻጭ ከዚህ ነፃ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። አንዳንዶች ምርመራ ቢታዘዝ የውኃው ዋጋ ከፍ ይልና ድኻው ይጎዳል ይላሉ። ቃሉ ክብደት አለው። ነገር ግን የናይትሬትና የፍሎራይድ ምርመራ በዓመት ውስጥ ለሚሸጡት በርሜሎች ሁሉ ቢከፈል፣ በአንዱ በርሜል ላይ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ጉድጓዱ መጥፎ ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ ወረቀቱን ደብቆ መሸጡን እንዳይቀጥል ነው። ስለዚህ ውጤቱ በባለቤቱ እጅ ብቻ መቅረት የለበትም፤ የቤንጋሎቹ ቀይና አረንጓዴ ቀለም በማሮዲ ጄህ ዳር ባሉ ጉድጓዶች አፍ ላይ ቢቀባ፣ ቢዮሌውም ገዢውም ከሩቅ ያያሉ።

ተከራዩም ቢሆን ይህን ያህል ማድረግ ይችላል፤ ውል ከመፈረሙ በፊት የምርመራ ወረቀት ይጠይቅ። ወረቀት ከሌለ የምርመራው ዋጋ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ እንዲቀነስለት በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስም ለሕፃኑ ወተት የሚበጠበጥበትን ውኃ ከሌላ ቦታ ይግዛ።